ከወንበር ልብስ ሥር የተቀበረው ቀበቶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም በማይርቀው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ በየማለዳው ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ የምሄደው በራሴ መኪና ነው። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ የጭነት መኪና ድንገት ከፊቴ ገባና ፍሬን በኃይል ያዝሁ። ግጭት አልደረሰም። ነገር ግን ከኋላ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጄ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ግንባሯ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር ተጋጨ። ፍጥነታችን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አልነበረም። እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ጠፋ፤ የእኔ ድንጋጤ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የዚያን ዕለት ማታ የኋላውን ቀበቶ ፈለግሁ። ቀበቶው ራሱ በጎን ተጠቅልሎ አለ፤ ብረቱ የሚገባበት መቆለፊያ ግን አይታይም። መኪናውን እንደገዛሁ ያሰፋሁት የወንበር ልብስ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ በጣቴ ስዳብስ ከስፖንጁ ሥር እንደ ጠጠር ቆረቆረኝ። በምላጭ ቀድጄ አወጣሁት። ልብሱን የሰፋልኝን ባለሙያ ስጠይቀው «ደንበኛው ሁሉ ሸፍንልኝ ነው የሚለው፤ ብቅ ሲል አያምርም» አለኝ። እኔም መኪናውን ስረከብ መቆለፊያው የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁምና ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል አልችልም። ከዚያ በኋላ በግቢያችን የቆሙትን የጎረቤቶቼን መኪኖች እያስፈቀድሁ ባይ፣ ከአንዱ በስተቀር የሁሉም እንዲሁ ተቀብሮ አገኘሁት።

«ከኋላ የተቀመጠ ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገር ብዙዎቻችንን ያዘናጋናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ሰው የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ ቢወድቅ ከሚያገኘው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ይህም ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ማለት ነው። ጋቢና ውስጥ ሕፃን አቅፋ የምትቀመጥ እናት ክንዷ የቱንም ያህል ቢጠነክር ያን ኃይል ልትይዘው አትችልም፤ ከዚያም አልፎ ሕፃኑ በእርሷ ክብደትና በዳሽቦርዱ መካከል ይጨፈለቃል። ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፣ ወገብንና ትከሻን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶ ሲያወጣ፣ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት የፈቀደው የሰውን ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ስለሆነ ነው።

ቀበቶ ማሰር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አቀማመጡም መስተካከል አለበት። የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ ሊያርፍ፣ ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ከሆዷ በታች ሊያልፍ ይገባል። የላይኛው ክፍል በትከሻ መካከል አልፎ በደረት ላይ ይወርዳል እንጂ አንገትን አይነካም፤ በብብት ሥርም አይገባም። የእኛ አካባቢ ማለዳ ብርዳማ በመሆኑ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ነው የምትሳፈረው፤ ቀበቶው በጋቢው ላይ ሲታሰር የጠበቀ ይመስላል እንጂ በውስጡ ብዙ ክፍተት አለ። አሁን ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ ቀበቶውን ካሰረች በኋላ ከላይ ትደርበዋለች። ልጄ ደግሞ ቀበቶው አንገቷን እየነካት በክንዷ ሥር ታሳልፈው ነበር፤ ይህ የጎድን አጥንትንና ሆድን ለጉዳት የሚያጋልጥ በመሆኑ ከፍ የሚያደርግ የልጆች መቀመጫ ገዛሁላት። ዋጋው ለብዙዎቻችን እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሆኖም ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ35 እስከ 1 ሜትር ከ50 ያልደረሰ ልጆች በአዋቂ ቀበቶ ብቻ በትክክል አይያዙም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ደግሞ ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሕፃኑን ይመታዋልና።

ለሾፌሩም ቢሆን ቀበቶው የሚሠራው ወንበሩ ከተስተካከለ ነው። ወንበሩን ለጥጦ ተንጋሎ የሚነዳ ሰው በግጭት ጊዜ ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ይወርዳል፤ በየቀኑ በቃሊቲ መንገድ ሰልፍ ውስጥ ወገቡን የሚያመውም በአብዛኛው ይኸው አቀማመጥ ነው። ጀርባን ከመደገፊያው አጣብቆ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበት በመጠኑ መታጠፍ አለበት። ትከሻ ከወንበሩ ሳይላቀቅ እጅ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ፣ በደረትና በመሪው መካከልም ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር መኖር ይገባዋል። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከጭንቅላት አናት ጋር እኩል ካልሆነና ወደ ማጅራት ዝቅ ካለ፣ ከኋላ በሚመጣ ግጭት አንገትን ይጎዳል እንጂ አይደግፍም። መስታወት የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እኔ ለዓመታት በተቃራኒው ሳደርገው ኖሬአለሁ።

የማሽከርከር ማሠልጠኛዎች ሠልጣኙ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ይህን በእጁ እየነካ እንዲለማመድ ቢያደርጉ፣ በየዓመቱ ለቦሎ መኪናችንን ስናስመረምርም የኋላ ቀበቶዎች አንድ በአንድ ተስበውና ተቆልፈው ቢታዩ በማለት የሚመለከታቸውን አካላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የወንበር ልብስ የምትሰፉ ወንድሞቻችንም መቆለፊያውን አውጥታችሁ ስፉልን። ያንኑ ባለሙያ ዳግመኛ ሄጄ የቀደድሁትን እንዲያስተካክል ስጠይቀው የቀዳዳውን ጠርዝ በቆዳ ቀምቅሞ መለሰልኝ፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ