ምላስ ሳይሆን ጆሮ ሲቀምስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ማታ እዚህ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አንድ የምግብ ሥራ ውድድር በቴሌቪዥን እናይ ነበር። የጣቢያውን ስም ልተወው። ሰዓት አለቀ ተባለ፣ እጅ ወደ ላይ! አንዷ ልጅ ማንኪያዋን ጥላ እጇን አነሳች፤ አይቡን ገና ሳህኑ ላይ አላደረገችም። ከጎኗ ያለው ልጅ ግን እጁን አንስቶ መልሶ አወረደና የሳህኑን ጠርዝ በጨርቅ ጠረገ፣ ቃሪያውንም ቁጭ አደረገ። ካሜራው አሳይቶታል። አንዱ ዳኛ እንዲያውም ሳቀ። ከዚያ እሷ "አልጨረስሽም" ተብላ ነጥብ ተቀነሰባት፣ እሱ "አቀራረብህ ንጹህ ነው" ተባለ። እናቴ "ለአንዱ እናት፣ ለአንዱ እንጀራ እናት" ብላ ተነስታ ሄደች።

ልጁን አልጠላሁትም፣ እጁ ይጣፍጣል መሰለኝ። ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዳኞቹ "የኔ ጀግና" ሲሉት ነው የከረሙት። እንዲህ የሚጠሩትን ልጅ በኋላ እንዴት ይጥሉታል?

ይህን የምለው ሥራዬ ቡና ቅምሻ ስለሆነ ነው። ናሙናው የሚቀርብልን በቁጥር ብቻ ነው፤ ከጎማ ወረዳ ይምጣ ከማና፣ የአጎቴ ይሁን የማላውቀው ሰው፣ አይነገረኝም። አምስት ስኒ ይደረደራል፣ በማንኪያ ሳብ ታደርጋለህ፣ ትተፋለህ፣ ነጥብህን ትጽፋለህ። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ወሬ የለም፤ ፊት ማጨማደድ እንኳ ነውር ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንዱ ጓደኛዬ "ይሄ የጌራ ነው" ብሎ ሹክ አለኝ፣ እኔም ነጥቡን ከፍ አደረግኩት። ቡናው የሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ምላሴ ሳይሆን ጆሮዬ ነበር የቀመሰው። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ሲካሄድም የገበሬው ቡና የተዳኘው በኮድ ነው። ዘፈን ላይም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኔዘርላንድስ በተጀመረው ዘ ቮይስ በተባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ዳኞቹ መጀመሪያ የሚሰሙት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። በኋላ ፊት ለፊት መተያየታቸው አይቀርም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

"ቴሌቪዥን መዝናኛ ነው፣ ምን አከረረህ?" የሚሉኝ አሉ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተመልካች ለወደደው ተወዳዳሪ የጥያቄውን መልስ አስቀድመው ሲሰጡ ተደረሰባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በሕግ ተከለከለ። መዝናኛ ነው አላሉም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ሳህኑ ላይ ቁጥር ይለጠፍ፣ ዳኞቹ ሌላ ክፍል ሆነው ይቅመሱ፣ እያንዳንዱ የሰጠው ነጥብ ስክሪን ላይ ይውጣ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሳህን የነካ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኩል ይቀነስበት። ቁጥሩን የሚለጥፍ ሰው ከቸገራቸው እዚህ ብዙ ነን፣ የአንድ ቀን አበል ይበቃናል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጅማ