የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ምድር ወለሉስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ወይ ስለፈረሰው ነው ወይ ስለተሠራው። በአንድ ወገን በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳ ላይ የተነሣው ሰፈር፣ የተበተነው ማኅበራዊ ኑሮ፣ የካሳው ጉዳይ አለ። በሌላው ወገን ንጣፉ፣ መብራቱ፣ የብስክሌት መስመሩና አረንጓዴው ሥፍራ አለ። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ይህ ደብዳቤ ግን ሁለቱም እምብዛም ስለማያነሡት ነገር ነው፤ በጸዱት ቦታዎች ላይ ስለሚቆሙት ሕንፃዎች ምድር ወለል። ንጣፍ ቢበላሽ ነቅሎ መተካት ይቻላል። ሕንፃ አንዴ ከቆመ ግን ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት እንዳለ ይኖራል፤ ጎዳናው ሰው ይኑረው አይኑረው የሚወሰነውም በእሱ ነው።

አሮጌዋ ፒያሳ ለምን ትደምቅ ነበር? ናፍቆቱ ለጊዜው ይቆይና በሜትር እንየው። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ህንዶችና ጣሊያኖች ይሠሯቸው የነበሩት ቤቶች ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነበሩ። ሱቁ ፊቱ ጠባብ ነው፤ በሩም በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። የአንድ ሱቅ ፊት 4 ሜትር ከሆነ በ100 ሜትር መንገድ ላይ 25 በር አለ ማለት ነው። በተለመደ አረማመድ እግረኛው በየሦስት ሰከንዱ አዲስ በር ያገኛል፤ ወርቅ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ መድኃኒት ቤት። ሰው ጉዳይ ባይኖረውም የሚያልፍበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

እነዚያ ሱቆች ያን ያህል ዘመን የቆዩት ደግሞ ማንም ስለተንከባከባቸው አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ብዙም ሳይነቃነቅ ቆየ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩንም የሚያስወጣው አልነበረም። ጣሪያው ያፈሰውም ሱቁ የቆየውም በአንድ ምክንያት ነው። አዲሱ ሕንፃ ግን የሚሠራው በሊዝ ዋጋና በባንክ ብድር ነው። ስለዚህ ትንሹ ሱቅ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ካላመጡት አይመጣም።

አሁን ባለው አሠራር ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፊቱ 40 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ጂ ፕላስ 12 ሕንፃ ይነሣል እንበል። ወደ ቤዝመንቱ የሚወርደው የመኪና ራምፕ ለሁለት አቅጣጫ 6 ሜትር ይወስዳል። ዋናው መግቢያ፣ ሊፍቱና የጥበቃው ቦታ 5 ሜትር። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር ሌላ 5 ሜትር። የቀረው 24 ሜትር ለአንድ ባንክ ይከራያል። ባንኩ ሦስት የመስታወት በር ይኖረዋል፤ የሚከፈተው አንዱ ብቻ ነው፤ መስታወቱም በማስታወቂያ ወረቀት ይለበጣል። በመጨረሻ 40 ሜትር ሙሉ እግረኛ የሚገባበት በር ሁለት ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። አገሪቱ ውስጥ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ፤ ሁሉም ዋና መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቶ፣ የባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት ተስፋፍቶ ለተራ ክፍያ ቅርንጫፍ መሄድ ሲቀንስ፣ የጎዳናው ፊት አሁንም በቅርንጫፍ መያዙ ትንሽ ግራ ያጋባል።

በባለ ሕንፃው ግን መፍረድ አይቻልም። ባንክ የረጅም ጊዜ ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ሕንፃው ይጠናቀቃል ወይም ብድሩ ይቃለላል። አሥር ባለ ሱቅ ማለት አሥር ውል፣ አሥር ክርክር፣ በየወሩ መጨቃጨቅ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ባንኩን እመርጣለሁ።

«ሱቅማ ሞልቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሱቁ ያለው ውስጥ ነው። ሕንፃው ውስጥ ገብቶ፣ ኮሪደሩን ተከትሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ የሚገኝ 9 ካሬ ሜትር ክፍል፤ ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ። እዚያ ለመድረስ በር ላይ ፍተሻ አለ። እስክርቢቶ ለመግዛት ቦርሳውን ከፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ መፈተሽ የሚፈልግ ማን ነው? ሰውየው ትቶት ያልፋል። ባለ ሱቁም ጥቂት ወራት ታግሎ ይዘጋል፤ ቀጥሎም ክፍሉ መጋዘን ይሆናል። ፍተሻው ቀርቶ አይቀርም፤ ስለዚህ መፍትሔው ሱቁን ከፍተሻው ውጭ፣ በቀጥታ በእግረኛ መንገዱ ላይ መክፈት ነው። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣው ብቻ ይፈተሽ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ምድር ወለሉን የሚያበላሸውና ማንም ልብ የማይለው ግን የመሬቱ ተዳፋት ነው። አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም፤ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ በ40 ሜትር ፊት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የ2 ሜትር ልዩነት አለ። ዲዛይነሩ ምድር ወለሉን በአንድ ልክ ሶሌታ፣ ማለትም በአንድ ወጥ የኮንክሪት ወለል፣ ካስቀመጠው፣ አንዱ ጫፍ ከንጣፉ አንድ ሜትር ከፍ ይላል፣ ሌላው አንድ ሜትር ይቀበራል። ከፍ ባለው በኩል ደረጃ ይመጣል፤ በተቀበረው በኩል የግንብ አጥርና የውሃ ቦይ ይመጣል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አንድ ሜትር ለመውጣት፣ ራምፑ 1 ለ12 ከሆነ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፤ መካከል ላይ የማረፊያ ቦታ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ያን ያህል ቦታ በፕላኑ ላይ ስለማይተው፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ አጭርና ቀጥ ያለ የኮንክሪት ራምፕ በሕዝቡ የእግረኛ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ያ ራምፕ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ሸካራ መስመር ይቆርጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውሃ አቁሮ ወደ ጎረቤት ይልካል።

የሚሻለው ሶሌታውን ከመንገዱ ጋር በደረጃ ማውረድ ነው። በኮለኖቹ (በምሰሶዎቹ) መካከል ያለው ርቀት 8 ሜትር ይሁን። በ5 ከመቶ ተዳፋት 8 ሜትር ላይ መንገዱ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ 40 ሜትሩ በአምስት ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ 8 ሜትር ውስጥ 4 ሜትር ፊት ያላቸው ሁለት ሱቆች ይገባሉ። የወለሉ ልክ የሚወሰደው በ8 ሜትሩ አጋማሽ ላይ ካለው ንጣፍ ነው፤ የሁለቱም ሱቆች በር ደግሞ ጫፍና ጫፍ ሳይሆን ሁለቱን ከሚለየው ግድግዳ ግራና ቀኝ ይቀመጣል። በሩ ከአጋማሹ አንድ ሜትር ቢርቅ ከንጣፉ ጋር ያለው ልዩነት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሩን 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ይህን ልዩነት በ1 ለ12 ተዳፋት ይጨርሰዋል፤ አንድም ደረጃ፣ አንድም መንገድ ላይ የወጣ ራምፕ አያስፈልግም።

ከላይ ያለው ሶሌታ አንድ ልክ ሆኖ ይቀጥላል። ከሁሉ ከፍ ያለው ሱቅ የተጣራ ቁመቱ 3.20 ሜትር ቢሆን ዝቅተኛው 4.80 ይኖረዋል፤ ባለ ሱቁ የዕቃ ቆጥ ይሠራበታል። ኮንትራክተሩ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ ካሳፎርማውም (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ጣውላ) ፌሮውም (ብረቱ) በየደረጃው ይቆራረጥበታልና። ባለ ሕንፃውም አምስቱን ክፍል ኋላ አንድ አዳራሽ ማድረግ እንደማይችል ይገባዋል። እውነቱን ለመናገር የዚህ አሠራር አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር እየዘለለ የሚሄድ ወለል ለአንድ ትልቅ ተከራይ አይመችም።

ይህ ከተያዘ የቀረው ቀላል ነው፣ ግን ካልታሰበበት ሁሉንም ያበላሻል። አንድ ቆጣሪ ያለው ምድር ወለል መጨረሻው አንድ ተከራይ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር የራሱ ቆጣሪ የሚገባበት መስመር ከመጀመሪያው ይዘርጋ። ለእያንዳንዱ ሱቅ የንጹሕ ውሃ መስመርና 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ሶሌታው ሳይሞላ በፊት ይቀበር። ቡና ቤት ወይም ምግብ ቤት መክፈት የሚፈልግ ተከራይ ይህን ካላገኘ ሶሌታውን ያስቦረቡራል፤ ከዚያ በኋላ ቤዝመንቱ ያፈሳል፣ ማን ያሳድሰው በሚለው ክርክር ዓመት ያልፋል። የመኪናው ራምፕ ከዋናው መንገድ ፊት ይወገድ፤ 3.30 ሜትር ለመውረድ በ15 ከመቶ ተዳፋት 22 ሜትር ይፈልጋል፣ ይህ ደግሞ በጎን ወይም በኋላ መንገድ የሚገኝ ርዝመት ነው። ጄኔሬተሩም ወደ ኋላ ይሂድ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጭሱን በእግረኛ ፊት የሚተፋ ሕንፃ ስንት አለ።

የጣሪያው ውሃ ሌላው ነው። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 30 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሰበሰባል። አሸንዳው ይህን ንጣፉ ላይ ከደፋው ከሥር ያለው አሸዋ ይታጠባል፣ ንጣፉ ይሰምጣል፣ ቀጥሎ መጪው ሰው ይሰናከልበታል። ቱቦው ከንጣፉ ሥር አልፎ ከዋናው የጎርፍ መስመር ጋር መገናኘት አለበት። ንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማን ሊቆፍር ይፈቀድለታል? ስለዚህ ባዶ ለሆኑት ቦታዎች ሁሉ የማገናኛ ቱቦው ጫፍ ከአሁኑ ወጥቶ ይጠብቅ።

ስለ በረንዳም አንድ ነገር ልበል። ምድር ወለሉ ከላይኛው ፎቅ 1.5 ሜትር ወደ ውስጥ ቢሸሽ እግረኛው ክረምት ላይ መጠለያ ያገኛል፤ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴትና ሊስትሮውም መንገዱን ሳይዘጉ የሚቀመጡበት ቦታ ይኖራቸዋል። አሁን የሚታየው ግን ደንብ አስከባሪው ሲመጣ መሮጥ፣ ሲሄድ መመለስ ነው። ያ በረንዳ በባለ ሕንፃው ይዞታ ውስጥ ስለሚሆን የማስተዳደሩ ኃላፊነትም ግልጽ ይሆናል።

ባንክ ይከልከል እያልኩ አይደለም። በሩ ይጥበብ ነው። ባንኩ በመንገዱ ፊት ላይ 4 ሜትር ይበቃዋል፤ አዳራሹ ከሱቆቹ በስተጀርባ ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። ምድር ወለሉ 20 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ሱቆቹ የፊቱን 8 ሜትር ቢይዙ ከኋላ 12 ሜትር ይቀራል፤ ለአንድ ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው። ኤቲኤሙም ከግድግዳው ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ ሰልፉ በእግረኛው መንገድ ላይ እንዳይሠራ።

ይህን ሁሉ በምክር ማስፈጸም አይቻልም፤ ቦታው ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት መታወቅ አለበት። ተጫራቹ የምድር ወለሉን ግዴታ ቀድሞ ካወቀ በሚያቀርበው ዋጋ ላይ ያስበዋል። ከተማው በካሬ ሜትር የሚያገኘው ሊዝ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ደብቆ ማቅረብ አይገባም፣ ዋጋው ነውና። ሁሉም ተጫራች እኩል ስለሚገደድ ግን ማንም ለብቻው አይጎዳም። ጨረታው ካለፈ በኋላ የሚመጣ መመሪያ ሲሆን ግን ባለ ሀብቱ «ውሌ ላይ የለም» ይላል፤ ትክክልም ነው።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ ከመፈቀዱ በፊት የፕላን ስምምነት፣ ከግንባታ በኋላ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚባሉ ደረጃዎችን አስቀምጧል። የምድር ወለሉ ጉዳይ መያዝ ያለበት በእነዚህ ሁለት በሮች ላይ ነው። በመጀመሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ በ1 ለ100 የተሣለ አንድ ገጽ የፊት ለፊት ሥዕል ከጨረታ ሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ የንጣፉ ከፍታ በየ8 ሜትሩ ተጽፎበት፣ የበሮቹ ብዛትና ቦታ ተመልክቶበት። በሁለተኛው ላይ ተቆጣጣሪው ሜትር ይዞ ይሂድና ሁለት ነገር ይለካ፤ ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ8 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የበሩ ደፍም ልክ ከፊቱ ካለው መርገጫ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍም ዝቅም እንዳይል። ከዚህ ልክ ካለፈ ፈቃዱ ሳይሰጥ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
በሕንፃ ዲዛይን ሥራ ላይ ያለ የጋዜጣው አንባቢ
አራዳ፣ አዲስ አበባ