ለልጄ ለማኅሌት

ውድ ልጄ ማኅሌት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናትሽ የአየር ንብረት ለውጥን በዓይናችሁ ለማየት ከስዊዘርላንድ እስከ ካዛክስታን በመኪና እንደምትጓዙ ከሰማች በኋላ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። እኔ ደግሞ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፌ መንገዳችሁን በእርሳስ እያሰመርኩ እቀናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መንገደኛ የሚያየው የዚያን ዕለት ሰማይ ነው፤ የአየር ንብረትን ለማወቅ የ30 ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ስሠራ ሳለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረውን ዝናብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስፈሪያው ብርጭቆ ውስጥ ገልብጬ፣ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከውሃው ልክ አስተካክዬ ሳነበው፣ ስንት ጊዜ የገመትኩትን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቀርቷል! ጆሮ ያጋንናል። ስለዚህ በየደረስሽበት አስቀድመሽ መዝገብ ያዡን ፈልጊ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የሮን የበረዶ ግግርን በበጋ ቶሎ እንዳይቀልጥ ነጭ ጨርቅ አልብሰውት ታያለሽ። ፎቶ ማንሳትሽ አይቀርም። የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ብቻ ከይዘታቸው 10 በመቶ ያህል ማጣታቸው የታወቀው ግን በልኬት ነው።

ኡዝቤኪስታን ውስጥ የቀድሞዋ የአራል ባሕር ወደብ ሞይናቅ ስትደርሱ ደግሞ ተጠንቀቂ። አሸዋ ላይ የዛጉትን መርከቦች ያየ ሁሉ «የአየር ንብረት ለውጥ» ብሎ ያልፋል። የአራል ባሕርን በዋናነት ያደረቀው ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሙ ዳርያንና የሲር ዳርያን ወንዞች ወደ ጥጥ እርሻ የጠለፈው መስኖ ነው። ሐረማያ ሐይቅ የደረቀ ጊዜስ? ሰማይን የወቀሰው ብዙ ነበር፤ ጫትና አትክልት ሲያጠጣ የሚውለውን ፓምፕ ማን ያንሳ! ኋላ ውሃው ቢመለስም እኔን እስካሁን ያበግነኛል። ሳያጣሩ ሁሉን በሙቀት ማሳበብ፣ ሙቀት በእርግጥ ያደረሰውን ጉዳትም እንዳይታመን ያደርጋል።

ከሁሉ የምቀናብሽ በቱዩክሱ ነው። ከአልማቲ ከተማ በላይ ያለው ይህ የበረዶ ግግር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይለካል። በረዶውን ሰርስረው ካስማ ይተክላሉ፤ በረዶው በቀለጠ ቁጥር የካስማው ቁመት ከላይ እየታየ ስለሚሄድ ያንን ያነባሉ። ሥራው ከእኔ ብርጭቆ ብዙም አይርቅም። እዚያ የሚሠሩትን ካገኘሻቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝና አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኛ በረዶ ሲጥል መለኪያው ውስጥ የገባውን አቅልጠን እንመዘግብ ነበር። የእነሱ ግን ቀላል ብናኝ ስለሆነ፣ መለኪያው ውስጥ ሳይገባ ነፋስ ይወስደዋል። የጎደለውን በምን ስሌት ያካክሱታል? መልሱን ከነቁጥሩ ጻፊልኝ።

አባትሽ