የከዚራ አሮጌ ቤቶች ወለል ከስር እየበሰበሰ ነው፣ ላስቲክ መግዣ አዋጡልን

የድሬ ልጆች ሰላም ናችሁ ወይ? ድሬ ያላችሁም፣ አዲስ አበባ የገባችሁም፣ ጅቡቲም ካናዳም ያላችሁ ሁላችሁም ይሄ መልእክት ለናንተ ነው። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጣውላ ወለል ያላቸው አሮጌ ቤቶች ከስር እየበሰበሱ ነው፣ እኛ የሰፈሩ እድር አባላትና ወጣቶች ሆነን ለጊዜው ስምንት ቤት መርጠናል፣ ከወለላቸው ስር ያለው መሬት ላይ የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ ልናነጥፍ፣ አሸንዳ ልንሰራና የተደፈኑትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ልንከፍት ነው ያሰብነው። ጉልበት አለን፣ አናጢም ግንበኛም ከመሀላችን አለ፣ የጎደለን እቃው ነው።

"አቦ በድሬ ሙቀት ደሞ የምን እርጥበት?" ትሉ ይሆናል፣ ይሄን ያላለን ሰው የለም እኮ። እውነት ነው ድሬ ደረቅ ናት፣ ልብስ አጥበህ አስጥተህ ዞር ስትል ደርቆ ይጠብቅሃል። ግን ከወለሉ ስር ያለው አየር ሌላ አየር ነው። ፀሀይ አያየውም፣ ንፋስ አያገኘውም፣ መሬቱ ደግሞ ከላይ ሲታይ ደረቅ ቢመስልም ከውስጡ እንፋሎት ሁሌ ይወጣል፣ ያ እንፋሎት መውጫ ካጣ ድስት ክዳን ላይ እንደሚያልበው ውሃ ጣውላው ሆድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። መሬቱ በደንብ የራሰ ከሆነ ደሞ ከአንድ ቤት ስር በቀን በባልዲ የሚቆጠር ውሃ ወደ ላይ ሊተን ይችላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ትነቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነንም።

ለማታውቁት ቤቶቹን ትንሽ ላስረዳ። ከተማችን የመጣችው ከባቡሩ ጋር ነው፣ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፣ ከዚራም ከዛ በኋላ በፕላን ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ወጥቶለት ተሰራ። ያኔ የሰሩት ሰዎች ሙቀቱን አስበውበታል፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳ፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ። ጣውላ ወለል ባላቸው ቤቶች ደግሞ ጣውላው መሬቱን አይነካም፣ በሞራሌ ላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ከስሩ ሰው በደረቱ ተኝቶ የሚሳብበት ክፍተት አለ፣ በግድግዳው ግርጌ በየአቅጣጫው ትንንሽ ቀዳዳ ትተዋል፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። በጣም ብልጥ ስራ ነው እኔ በበኩሌ አደንቃቸዋለሁ።

ችግሩ እኛ ከዛ በኋላ ያደረግነው ነገር ነው። አይጥና እባብ ገባ ተብሎ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፈነ፣ ግቢው በየጊዜው ሊሾ በሊሾ ላይ እየተደረበ ከፍ አለና ያልተደፈነው ቀዳዳ ራሱ ከመሬት በታች ሆነ፣ አሸንዳው ዝጎ ከወደቀ በኋላ ማንም አልመለሰውም፣ ስለዚህ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ስር ነው ሚወርደው። ሌላው ደግሞ ሮቶው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሮቶ ግድግዳው ጥግ ያስቀምጣል፣ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሞልቶ እየፈሰሰ ያድራል፣ ጠዋት ሲነሱ ግቢው ደርቋል፣ ማንም አያስተውለውም፣ ግን ውሃው የት ሄደ? ወደ ቤቱ ስር ነዋ። መታጠቢያ ቤት በኋላ ተለጥፎ የተሰራበት ቤት ላይ ደሞ ቱቦው ከስር ሲያንጠባጥብ ኖሮ ኖሮ ወለሉ ሲሰረጉድ ነው የሚታወቀው። ድሬ ውስጥ ውሃ ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው የደቻቱ ወንዝና የ1998ቱ ጎርፍ ነው፣ በሚገባ፣ ይሄኛው ግን ድምፅም የለው ዜናም አይሆን፣ ቀስ እያለ ነው የሚበላህ።

እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ሰላም ነው፣ እንጨቱ ዘመናትን ይሻገራል፣ ከዛ ካለፈ ሻጋታው ይጀምራል፣ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ደሞ እውነተኛው የሚያበሰብሰው ፈንገስ ይገባበታል፣ ያኔ ሞራሌውን በጣትህ ስትጫነው እንደ ደረቅ ሳይሆን ለስለስ ብሎ ይሰረጉዳል። ምስጥም እርጥብ ቦታ ነው የሚወደው፣ በግድግዳው ጥግ የጭቃ ቧንቧ እየሰራ ይወጣና ከውስጥ ባዶ ያደርገዋል። ደግሞ ከስር ያለው አየር እዛው አይቀርም በጣውላው ስንጥቅ ወደ ክፍል ይገባል፣ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ሻጋታ ሲኖር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። የመረጥናቸው ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች፣ የተሰነጠቀ ወለል ላይ መውደቅ ለነሱ ማለት የዳሌ ስብራት ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሁላችንም አይተናል።

"ታዲያ ጣውላውን አንስተው በአፈር ሞልተው ሊሾ ቢያደርጉት አይገላገሉም?" የሚል ሀሳብ ከአንዳንድ ወዳጆች መጥቷል። እኔ በግሌ አልስማማም፣ ስራውን የያዘው ኮሚቴም አልተስማማም። ያን ክፍተት በአፈር ሞልተህ ስትዘጋው እርጥበቱ አይጠፋም፣ መውጫ ፈልጎ በድንጋዩ ግድግዳ ነው ሚወጣው፣ ከዛ ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ እሱንም በሲሚንቶ ስትለስነው ደግሞ ግድግዳው እንዳይተነፍስ ታደርገዋለህ፣ መከራው ማለቂያ የለውም። ወጪውም ከኛ ስራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ያ ወለል ደሞ አንዴ ከተነሳ ዛሬ ያን አይነት ጣውላ ማን ያመጣልሃል።

እኛ የምንሰራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላስቲክ አይደለም፣ መጀመሪያ ውሃውን ማስቆም ነው። ላስቲክ እንፋሎት ነው ሚከለክለው፣ የሚፈስ ውሃ ካለ ላስቲኩ ላይ ኩሬ ይሆንና ጭራሽ ይብሳል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ይጠገናል፣ ሮቶው ከግድግዳው ራቅ ይላል ወይም ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ይቀጠልለታል፣ አሸንዳ ይሰቀላል፣ ግቢው ከቤቱ ወደ ውጪ እንዲያፈስ በአንድ ሜትር ወደ 5 ሳንቲም ዝቅ ይደረጋል። ከዛ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው የሽቦ ወንፊት ይደረግባቸዋል (አይጡንም እባቡንም የሚያስቀረው ወንፊቱ ነው፣ ሲሚንቶ አይደለም)፣ ከስር ያለው ፍርስራሽ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ምናምን በሙሉ ይወጣል፣ መሬቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ላስቲኩ የሚገባው ከዛ በኋላ ነው።

ላስቲኩን በተመለከተ በአሜሪካ ለዚህ አይነት ስራ በተለምዶ የሚጠቀሙበት ቀጭኑ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፣ እኛ ግን ሰው እየተሳበበት ስለሆነ እሱ ቶሎ ይቀደዳል ብለን ወፈር ያለውን ነው የምንፈልገው፣ ገበሬው ለውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ የሚያነጥፈው ጂኦሜምብሬን ትራፊ እንኳ ቢገኝ በጣም ይሆነናል። አንዱ ላስቲክ በሌላው ላይ 30 ሳንቲም ይደረባል፣ መገናኛው በደንብ በሚይዝ ፕላስተር ይታሸጋል፣ በግድግዳው ላይ ወደ 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይያያዛል፣ በየምሰሶው ዙሪያም እንደዛው። ግን እስከ እንጨቱ ድረስ አናደርሰውም፣ ከሞራሌው በታች የግድግዳው የተወሰነ ክፍል ባዶ ይቀራል፣ ምስጥ ቧንቧውን ሲሰራ እንዲታይ። ድንጋዩንም በላስቲክ አንጠቀልልም።

ቀዳዳውስ ስንት ይሁን ላላችሁ፣ የአሜሪካ የግንባታ ደንብ መሬቱ እርቃኑን ከሆነ ከወለሉ ስፋት አንድ መቶ ሀምሳኛ ያህል የአየር መግቢያ ይፈልጋል፣ ላስቲክ ከተነጠፈ ግን አንድ ሺህ አምስት መቶኛ ይበቃል ይላል። 60 ካሬ ለሆነ ቤት ስታሰሉት ያለ ላስቲክ ሀያ በሀያ ሳንቲም የሆነ አስር ቀዳዳ፣ ወንፊቱ የሚቀንሰውን ሳንቆጥር ማለት ነው፣ በላስቲክ ደግሞ የአንዱ ቀዳዳ ያህል። እኛ አንድ ብቻ አንተውም፣ አየሩ እንዲያቋርጥ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉትን በሙሉ እንከፍታለን፣ ግን ቁጥሩን ያመጣሁት ላስቲክ የተባለው ነገር ምን ያህል ስራ እንደሚሰራ እንድታዩት ነው። ለዚሁ 60 ካሬ ቤት መደራረቢያውና ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሲጨመር ከ75 ካሬ ያላነሰ ላስቲክ ይበላል።

የምንፈልገው እንግዲህ ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ አሸንዳና መውረጃ ቱቦ፣ የሽቦ ወንፊት፣ ለጥቂት ቤቶች የሚቀየር ሞራሌ፣ ኖራ፣ ማስክ፣ ጓንትና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ብሩን እዚህ ያልጻፍኩት ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው፣ ከሶስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስበን ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን፣ ደረሰኙንም እንደዛው። ብር ማስገባት የምትፈልጉ በእድሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ አስገቡ፣ ሶስት ሰው ሳይፈርም አይወጣም፣ በማንም ግለሰብ ቴሌብር እንዳትልኩ፣ የኔም ቢሆን። ነጋዴ የሆናችሁ ደሞ ከብር ይልቅ እቃ ብትሰጡን እንመርጣለን፣ የተረፈ ላስቲክ፣ ያገለገለ ግን ያልዘገ አሸንዳ፣ አንድ ካርቶን ፕላስተር፣ ምንም አይናቅም።

ውጪ ያላችሁ፣ ለበአል ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት ነገር ጣል አድርጉልን። አንዱ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ነው፣ ሁለት መርፌ ያላት በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፣ ከስራው በፊትና በኋላ ለክተን ውጤቱን ልናሳያችሁ እንፈልጋለን፣ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ አልሰራም ብለን እንነግራችኋለን። ሁለተኛው ለዚህ ስራ የተሰራ ሰፊ የማሸጊያ ፕላስተር ነው፣ እዚህ የምናገኘው በሙቀቱ ቶሎ ይላቀቃል።

ከቤቶቹ አንዳንዶቹ የቀበሌ ስለሆኑ ከመጀመራችን በፊት ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ደብዳቤው እየተጻፈ ነው። የበልግ ዝናብ መጋቢት ላይ ስለሚጀምር ቁፋሮውንና ማድረቁን ታህሳስና ጥር ላይ ማድረግ አለብን፣ ላስቲኩ የካቲት ሳያልቅ መግባት አለበት፣ ካለፈን መሬቱ እንደገና ይርስና እስከሚቀጥለው በጋ መጠበቅ ነው። ገንዘቡ ለስምንቱም ካልበቃ በደረሰው ልክ እንሰራለን፣ ቅደም ተከተሉም ወለሉ ክፉኛ የተጎዳና ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ያሉበት ቤት ይቀድማል፣ ኮሚቴው ውስጥ ያለ ሰው ቤት መጨረሻ ነው፣ በዚህ ተማምለናል።

ብር የሌለው ደሞ ጉልበቱን ያምጣ። እሁድ እሁድ ፀሀዩ ሳይከር ከጠዋቱ 12 ሰአት ተኩል ነው ምንጀምረው፣ በተለይ ቀጫጭን ልጆች በጣም ነው የምንፈልጋችሁ፣ ቦርጫም የሆንነው ውጪ ሆነን ባልዲ እንቀበላለን። አሮጌ ልብስና ማስክ ይዛችሁ ኑ፣ ቁርስ ፉል በኛ ነው፣ ዳቦው ግን ቀድሞ ለመጣ።