ልጄ ሆይ፣ ቀን አትተኛ

ካራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት፤ ትንሹ ልጇ ጥርስ አብቅሏል።

ረዳትህ ትናንት ማታ እቤት ድረስ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። እንዳትቆጣው፤ ሁለተኛውን ስኒ ቡና እስኪጨርስ ከራሱ ጋር ታግሎ ነው የተናገረው። ከጅቡቲ ስትመለስ ሚሌ ላይ ጎማ ለማንሣት ጎንበስ ብለህ ቀና ማለት እንዳቃተህ፣ መኪናውን ገላን ያደረሰው ሌላ ሾፌር እንደሆነ፣ ቀኝ እግርህን ከመቀመጫህ እስከ አውራ ጣትህ እሳት እንደሚልስህ፣ ሐኪሙም «ዲስክህ ተንሸራቷል» ብሎ የምርመራ ወረቀት እንደሰጠህ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። አሥራ ስድስት ቀን ተኝተሃል። ለሽንት ካልሆነ አትነሣም፤ ምሳህንም እራትህንም አልጋህ ላይ ነው የምትበላው። ስደውልልህ «ሥራ ላይ ነኝ እማዬ» የምትለኝ ጣሪያ እያየህ ኖሯል።

በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። ልጄ፣ ቀን አትተኛ። ሌሊት እንደ ሰው ተኛ፤ ቀን ግን አትተኛ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እናትህ ነኝና አትፈረኝ። ሽንትህ እንደ ድሮው ይወርዳል? ሰገራህን መቆጣጠር ትችላለህ? ፈረስ ላይ ስትቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው ገላህ ደንዝዞብሃል? ሁለቱም እግሮችህ እየከዱህ ነው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ይህን ወረቀት እዚያው ጣለውና ዛሬውኑ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ትልቅ ሆስፒታል ሂድ። እኔን አትጠብቅ፤ ገንዘብም አትቁጠር። ከአከርካሪ ግርጌ እንደ ፈረስ ጭራ ተሰብስበው የሚወርዱት ነርቮች ሲታፈኑ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። ስትራመድ የእግርህ ጣቶች መሬት የሚጎትቱ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትውል ሳታድር ተናገር። ረዳትህ «ይህ የለበትም» ብሎኛል፤ እኔ ግን ካንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ይህ ከሌለብህ እንግዲህ ስማኝ።

መጀመሪያ ያስተኛህ «ተንሸራተተ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ሲሰማው ከቦታው ወልቆ የወጣ ነገር ይመስለዋል፤ ብነቃነቅ ይብስብኛል ብሎ ድርቅ ይላል። የተንሸራተተ ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጥንትን በጠመኔ እየሳልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ላሳይህ። በአከርካሪህ አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱን እንደ አያትህ አገልግል አድርገህ አስበው። ዙሪያው ድርብርብ ሆኖ የተሰፋ ጠንካራ ስፌት ነው፤ ውስጡ ደግሞ ውኃ ውስጥ ያደረ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ነገር አለ። ጎንበስ ብለህ ከባድ ነገር ስታነሣ አገልግሉ በፊት በኩል ይጨፈለቅና ዝልግልጉ ወደ ኋላ ይገፋል። በመኪና ወንበር ላይ ስንት ዓመት እየተናወጠ የሳሳ ስፌት አንድ ቀን ይተረተራል፤ ውስጡ ያለው ሾልኮ ይወጣል። በዚያው ቦታ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ያልፋል። ዝልግልጉ ነርቩን መጫኑ ብቻ አይደለም፤ ሲነካውም ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። የተጎዳው ወገብህ ሆኖ ሳለ አውራ ጣትህ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ወረቀትህ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ይላል አሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ይኸውና ከእርሱ ሥር ያለው ናቸው።

አሁን የምጽፈውን ደግመህ አንብበው። የወጣው ነገር እዚያው አይቀርም። ሰውነትህ እንደ ባዕድ ያየዋል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎች እየበሉ ያሟሽሹታል። ብዙ የፈሰሰው ከጥቂቱ ይልቅ የመሟሸሽ ዕድል አለው። አብዛኛው ሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ያንን የኤም አር አይ ፎቶም ከትራስህ ሥር አውጣው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ታይተው ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው። እነርሱ ግን ሳያውቁት ሥራቸው ላይ ነበሩ።

አባትህን ታስታውሰዋለህ? አልጋ ላይ ሆኖ ማለቴ ነው። የ1990 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ አንተ ስድስት ዓመትህ ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከመኪና ላይ ሲቀበል ወገቡ ተጣመመ፤ በሁለት ሰው ተደግፎ ቤት ገባ። «እንዳይነቃነቅ፤ ደረቅ ነገር ላይ ይተኛ» አሉኝ። ያኔ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር። የማዕድ ቤቱን አሮጌ በር ነቅዬ ከፍራሹ ሥር አነጠፍኩለት። አንተ ከጎኑ ወጥተህ «መርከብ ነው» እያልክ ትጫወትበት ነበር።

ከሰኔ እስከ መስከረም ተኛ። ገንፎውን በማንኪያ አጎረስኩት፤ ፊቱን ለብ ባለ ውኃ አጠብኩት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ መረቀኝ፤ ሚስት ማለት እንደ እርሷ ነው አሉ። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ገብቶ ነበር፣ አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮት ገባች። አባትህ «ዛሬ እግሬን ቀለል ብሎኛል፤ እስቲ በረንዳ ድረስ ልውጣ» አለኝ። እግሮቹንም ከአልጋው አውርዶ ነበር። ሁለት ትከሻውን ይዤ መለስኩት። «ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀርብኝ ነው?» ብዬ ተቆጣሁት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ልነሣ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ፍቅር መስሎኝ ያደረግኩትን ምን ብዬ እናዘዘዋለሁ?

በመስከረም ሲነሣ ጭኑ የልጅ ክንድ አክሎ ነበር። ሕመሙ ለቆታል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። መጎንበስ ፈራ፤ ድንጋይ ማየት ፈራ። ቱንቢውና መዶሻው ከአልጋው ሥር ዛጉ። እስኪያርፍ ድረስ ደጃፍ ተቀምጦ ወደ ለገጣፎ የሚያልፈውን መኪና ሲያይ ነው የኖረው። በመፃጉዕ ሰንበት ካህኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው ሰው ሲያነቡ ፊቱን በጋቢው ይሸፍን ነበር። እኔ በጸሎት ተመስጦ ይመስለኝ ነበር። ሁሉንም ያመጣው አልጋው ነው ልልህ አልችልም። ነገር ግን ያን ዕለት በረንዳ ድረስ ቢወጣ ኖሮ እያልኩ የማላድርበት ሌሊት የለም።

ልጄ፣ ቀን አትተኛ።

አባትህ ከአልጋው በወረደ በአምስተኛው ወር፣ የካቲት 1991 ዓ.ም.፣ ሆላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ሕመሙ እንደ አባትህ ከወገብ ወደ እግር የወረደባቸውን 183 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹን ሁለት ሳምንት አስተኙ፤ ገሚሶቹን እንደ አቅማቸው እንዲንቀሳቀሱ ተዉአቸው። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በሁለቱም ወገን ከመቶው 87ቱ ተሽሏቸው ነበር። መተኛቱ ምንም አልጨመረም። ይህን የሰማሁት ከሦስት ዓመት በፊት የእኔው ወገብ ሲያዝ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነው። ቤት እንደገባሁ ወደ ጓሮ ዞሬ ያንን በር ቆሜ አየሁት። ዛሬም ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል።

የእኔን ታስታውሳለህ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ 20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት መንጭቄ ነበር። ባለሙያዋ መጀመሪያ በጀርባዬ አጋድማ እግሬን ሳይታጠፍ ቀስ አድርጋ አነሣችው፤ የት ላይ ሲደርስ ባቴን እንደሚወጋኝ አየች። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ በጣቶቼ አስኬደችኝ፤ የትኛው ነርቭ እንደደከመ የምታውቀው በዚህ ነው። ከዚያ በሆዴ አስተኛችኝ። በክርኖቼ ተደግፌ ደረቴን ብቻ ቀና እንዳደርግ፣ ቆይቶም በእጆቼ እየገፋሁ ዳሌዬ ሳይነሣ አሥር ጊዜ ቀና ዝቅ እንድል አዘዘችኝ። ባቴ ላይ የነበረው ሕመም ወደ ጭኔ ወጣ፤ በሳምንቱ መቀመጫዬ ላይ ቀረ። ወገቤ ግን ለጊዜው ባሰበት፤ ደነገጥኩ። እርሷ ደስ አላት። ሕመሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ መልካም ምልክት ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ግን ያ እንቅስቃሴ ላንተ አይሆንምና ወዲያውኑ አቁም።

ይህ ዘዴ የተገኘበት ታሪክ ይገርመኛል። በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒውዚላንድ ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ እግሩን የሚያመውን ሰው በሆድህ ተኛና ጠብቀኝ ይለዋል። የአልጋው ራስጌ ከቀደመው በሽተኛ ወደ ላይ እንደተነሣ ቀርቶ ኖሮ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጦ ይተኛል። ያኔ እንዲህ መተኛት አደገኛ ነው ይባል ነበር። ማኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ይደነግጣል፤ ሰውየው ግን «የእግሬ ሕመም ጠፋ» አለው።

ሆኖም ከእናትህ ደብዳቤ ተነሥተህ ብቻህን እንዳትጀምረው። ለሁሉም የሚሆነው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ባለሙያ ይየህ። ሰኞ ሐኪምህ ዘንድ ሄደህ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚልክህን ወረቀት ጠይቅ። እስከዚያው ተራመድ። አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ከቻልክ ጨምር። ስትቀመጥ ግማሽ ሰዓት አትለፍ። ጠዋት ከእንቅልፍህ እንደተነሣህ ጎንበስ ብለህ ጫማህን አትሰር፤ ዲስክ ሌሊት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ክፉ ነው። ዲስክ የራሱ የደም ሥር የሌለው ስለሆነ ምግቡን የሚያገኘው ከዙሪያው እየሰረገ ነው፤ መንቀሳቀስህም ይረዳዋል። ሲጋራውን ተው። ይህን በልመና አይደለም የምነግርህ፤ ሲጋራ ያንን የሳሳ ስፌት ይበልጥ ያደርቀዋል። የማስታገሻ መርፌውንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየደጋገምክ አትወጋ፤ ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይጎዳል።

ባልደረቦችህ ወጌሻ ሊያመጡልህ ነው ተብያለሁ። ወጌሻ የወለቀ ክንድ ሲመልስ አይቻለሁ፤ አልንቀውም። ወገብህ ላይ ግን ማንም አይቁምበት፤ ማንም አይጠምዝዘው። ጠበልህን ጠጣ፣ ጸልይ፣ ደግሞም ተራመድ።

ቀዶ ሕክምናንም እንደ ሞት አትፍራው። ሳምንታት አልፈው ሕመሙ አልቀንስ ካለ፣ ወይም እግርህ እየደከመ ከሄደ፣ ሐኪሙ የሚልህን ስማ፤ ቶሎ ያሳርፋል። ነገር ግን በዓመቱ ሲታይ ታግሠው የቆዩትም አብዛኞቹ እዚያው ይደርሳሉ።

ለረዳትህ አራት ሺህ ብር በፖስታ ሰጥቼዋለሁ፤ ለፊዚዮቴራፒው ነው፤ ለኪራይ እንዳታደርገው። ስለ መኪናው አታስብ፤ ባለቤቱን አጎትህ አነጋግሮታል፤ እስክትድን ሌላ ሾፌር ይዟል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ከመገናኛ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ገላን፤ አራት ሰዓት ላይ ከታክሲ እወርዳለሁ። ቤትህ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው። ና፣ ተቀበለኝ። ቢያምህ በየመብራት ምሰሶው እያረፍክ ና፤ ብትዘገይ እዚያው ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ዘንቢሉን ግን እንዳትነካብኝ፤ እኔ እይዘዋለሁ።

እናትህ