«እማ፣ እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጃፓን ስለሚኖሩ ክልሶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለልጄ ጮክ ብዬ። «ሃፉ የሚባሉት አንድ ወላጃቸው ጃፓናዊ፣ ሌላው ነጭ የሆኑ ናቸው» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እማ፣ እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አለች።

አባቷ ጃፓናዊ ነው፤ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ተወልዳ ያደገችው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ነው፤ ሐበሻው ሰብሰብ ብሎ የሚኖርበት ሰፈር። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሃፉ ሲሏት ነው ያደገችው። ቃሉ «ሃፍ» ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ግማሽ ማለት ነው። ነጭ የሚለውን ከየት አመጣችሁት? ጃፓን ካሉት ክልሶች የብዙዎቹ ሌላው ወላጅ ራሱ እስያዊ ነው፦ ቻይናዊ፣ ኮሪያዊ፣ ፊሊፒናዊ። ጎረቤቴ ፊሊፒናዊት ናት። ልጇ መልኩ ስለማያስታውቅበት የእናቱን አገር ለማንም ሳይናገር ስድስት ዓመት ተማረ። ለወላጆች ስብሰባ ስትመጣ እንዳላወቃት ሆኖ ሲያልፋት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም።

«በመልካቸው ይወደዳሉ» ብላችኋል። የትኛው መልክ? እ.ኤ.አ. በ2015 ሚስ ዩኒቨርስ ጃፓን የሆነችው አሪያና ሚያሞቶ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚስ ወርልድ ጃፓን የሆነችው ፕሪያንካ ዮሺካዋ ደግሞ አባቷ ህንዳዊ ነው። ሁለቱም ዘውዱን ከመድፋታቸው «ንጹሕ» ጃፓናዊት መመረጥ ነበረባት የሚል ጩኸት ተነሳባቸው። ያኔ ዓለም ሁሉ የዘገበው ነገር ነው። ዘጋቢያችሁ እንዴት አመለጠው?

የቤቴንም ልንገራችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቷ ፀጉሯ ጥምዝ የሆነው በተፈጥሮው መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጪ አለኝ። ጻፍኩ። ማኅተም መታሁበት። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የተነሳችውን ፎቶ አያያዝኩ። እናቷ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ፀጉሯን እያዩት፣ ፎቶ ያስፈልጋል አሉ። ዘጠነኛን ስትጨርስ ደግሞ ለምረቃዋ ሹሩባ ሠራኋት። ማታውን ሙሉ ቁጭ ብዬ። ጠዋት በር ላይ ለበዓሉ አይመጥንም ተባልን። ሹሩባ ለበዓል ካልሆነ ለመቼ ነው? እዚያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ በጣቴ ፈታሁት። እሷ በመስታወቱ እኔን እያየች ዝም አለች።

«ሁለት ፓስፖርት ይዘው እንደ ልባቸው ይኖራሉ» የሚለውስ? ልጄ አሁን 18 ዓመቷ ነው። የጃፓን ሕግ 20 ሳይሞላሽ አንዱን ዜግነት ምረጪ ይላታል። የኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ይብሳል። አካለ መጠን ባደረሰች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትታ ኢትዮጵያዊነቴን እመርጣለሁ ካላለች፣ በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጥረዋል። የቀራት ሰባት ወር ነው። ማታ ማታ እራት ላይ የምናወራው ይህንኑ ነው፤ አባቷ ሳህኑን እያየ፣ እኔ እሷን እያየሁ።

ሃፉ ማለት ምን እንደሆነ የጻፋችሁበትን ያንን ዓረፍተ ነገር አርሙልኝ። እርማቱን እንደ ዘገባው ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

የሃፉ እናት፣ ከቶኪዮ