ግልጽ ደብዳቤ፦ ዚፕ መግጠም የቻሉትን እናት በወረቀት ለሰረዘብን ጽሕፈት ቤት

ለክፍለ ከተማችን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የጎልማሶችን የልብስ ስፌት ሥልጠና ዕቅድ ይመለከታል

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያው ጥቅምት ላይ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ሁለተኛውን ኅዳር ላይ ራሴ ይዤ መጣሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። እስከ 10 ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ታኅሣሥ ላይ በአካል አገኘሁዎት። ሁለት ደቂቃ ሰጡኝና «ይታያል» አሉኝ። እስካሁን ያየው ሰው የለም። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ እጽፋለሁ።

የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነኝ። ጎልማሶችን በአጫጭር ሥልጠና ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቼ ልጅ ያሳደጉ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ፣ አብዛኞቹ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ናቸው። ስለ አንዷ ልንገርዎት። ስማቸውን አልጠራም። ክፍል ውስጥ «እትዬ» እያልኩ ስለምጠራቸው እዚህም እንደዚያው እላለሁ።

እትዬ 49 ዓመታቸው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ለሁለት ምግብ ቤት ያስረክባሉ። ከዚያ ነው ወደ ክፍል የሚመጡት። ፊደል አልቆጠሩም። በእጅ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉ ኖረዋል፤ የልጆቻቸው ዩኒፎርም ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል?

መጀመሪያ የስፌት መኪናው ላይ ሲቀመጡ ፔዳሉን ፈሩት። እግራቸውን ሲጭኑት የመኪናው መዘውር ወደ ኋላ ዞረና ክሩ ተበጠሰ። እጃቸውን ሰብስበው «በቃ፣ አበላሸሁት» አሉ። ክሩን አወጣሁና ከደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቀድጄ ሰጠኋቸው። የወረቀቱን መስመር በባዶ መርፌ እንዲከተሉ ነገርኳቸው። መርፌው ወረቀቱን ሲበሳ ከመስመር የወጣው ቀዳዳ ወዲያው ይታያል። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ሙሉ መስመር ሳይለቁ ሄዱ። ያን ወረቀት በብርሃን ላይ አንስተው ሲያዩት የነበረው ፊታቸው አሁንም ትዝ ይለኛል።

ልኬት ላይም እንደዚሁ። ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር አልገባቸውም። ስንዝር ግን ያውቃሉ። ስንዝራቸውን በሜትሩ ለካነው፤ 20 ሳንቲም ሆነ። ሜትሩ ላይ 20፣ 40 እና 60 ላይ ቀይ ክር ሰፋንበት። ከዚያ በኋላ ወገብ ሲለኩ «ሦስት ስንዝርና አራት ጣት» ብለው ይጀምሩና ቀዩን ክር አይተው ቁጥሩን ይነግሩኛል። ቁጥሩን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ዚፕ ገጠሙ። ዚፕ ጀማሪን የሚፈትን ሥራ ነው። ጨርቁ ይሸበሸባል፣ የዚፑ ጥርስ ይጋለጣል፣ የግራና የቀኙ ጫፍ አይገጥምም። እትዬ መጀመሪያ በእጅ በሰፊ ስፌት ያዝ ያዝ አደረጉት። ከዚያ በመኪና ቀስ ብለው አወረዱት። ከፍቼ ዘጋሁት፤ አንድም ቦታ አልያዘም።

የእርስዎ ባለሙያ ለሱፐርቪዥን የመጣው በዚያው ቀን ነው።

መኪናዎቹን አላየም። የተሰፋውንም አላየም። የሠልጣኞቹን ፎልደር አምጪ አለኝ። የእትዬን ሲከፍት ለሞጁሉ፣ ማለት ለዚያ የሥልጠና ክፍል፣ የተዘጋጀው የጽሑፍ ጥያቄ ባዶ ነበር። ጥያቄው የስፌት መኪና ክፍሎችን ዘርዝሩ የሚል ነው። በእንግሊዝኛ። ከኋላው አንድ ሌላ ወረቀት አያይዤ ነበር። በቃል ጠይቄያቸው መልሳቸውን በአማርኛ ራሴ የጻፍኩበት፣ እሳቸው በጣታቸው የፈረሙበት ወረቀት ነው። ባለሙያው «ይሄ ፎርማቱን አልጠበቀም» አለ። ወደ እትዬ ዞሮ «አንቺ፣ መጻፍ አትችዪም?» አላቸው። አንቺ! የእናቱ እኩያ ናቸው። ሃያ ሦስት ሰው እየሰማ ነው የጠየቃቸው። እሳቸው ዝም አሉ። ስማቸው ላይ መስመር አሰመረ።

እትዬ ሜትራቸውን ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ጠርዙ ግማሽ የቀረውን ቀሚስ አጣጥፈው መኪናው ላይ አስቀመጡት። ጨርቁ የተቋሙ ስለሆነ ነው የተዉት። ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። «እኔ እኮ መስፋት ልማር ነው የመጣሁት ልጄ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ክቡር ኃላፊ፣ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ላስታውስዎት፤ ምክንያቱም ይህ የተደረገው በደንቡ ስም ነው። በእጃችን ያለውን የሙያ ደረጃ፣ ሠልጣኝ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት የሚዘረዝረውን፣ ሁላችንም ኦኤስ የምንለውን፣ ይክፈቱት። በእያንዳንዱ የብቃት አሃድ መጨረሻ ብቃት በምን እንደሚመዘን ተጽፏል። በቃለ መጠይቅ ወይም በጽሑፍ ፈተና ይላል። ሲሠራ በማየትና በቃል በመጠየቅ ይላል። ምርጫውን እኔ አልጨመርኩትም። እትዬን በቃል መጠየቄ ደረጃው የፈቀደው መንገድ ነው። በጽሑፍ ካልሆነ አይሆንም ያለው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት እንጂ ደረጃው አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናን በውጤት ላይ አቆመው። ሰው ሙያውን ተቋም ገብቶም ይማረው፣ እናቱ ጓዳም ይማረው፣ መሥራት ከቻለ ይመዘን፣ ብቃቱም ይታወቅለት የሚል ሐሳብ ነው። በዚህ ሐሳብ አምኜ ነው ሥራ የገባሁት። እናንተም በየመድረኩ ሰባ በመቶ ተግባር፣ ሠላሳ በመቶ ንድፈ ሐሳብ ትሉናላችሁ። ታዲያ ሰባውን እጅ የሠራ ሰው በሠላሳው ወረቀት እንዴት ይጣላል?

አሁን ወደ ዕቅዱ ልምጣ። ከዙሩ በፊት ያስገባሁት የሥልጠና ዕቅድ ተመላሽ ተደርጎብኛል። ምክንያቱ የሞጁሎቹን ቅደም ተከተል ስለለወጥኩ ነው። ለምን እንደለወጥኩ የጠየቀኝ የለም፤ እዚህ ልናገር።

የተሰጠን ማስተማሪያ፣ ቲቲኤልኤሙ፣ በረጅም ንባብ ነው የሚጀምረው። ከኢንፎርሜሽን ሺት (የማብራሪያ ንባብ) ወደ ሰልፍ ቼክ (ራስን መፈተኛ ጥያቄ)፣ ከሰልፍ ቼክ ወደ ኦፕሬሽን ሺት (የተግባር መመሪያ)። ሠልጣኟ መርፌ ሳትነካ ሁለት ሳምንት ያልፋል። 10ኛ ክፍል ጨርሳ ለመጣች የ17 ዓመት ልጅ ይህ ይሆናል። ለጎልማሳ አይሆንም። ጎልማሳ ክፍል የሚመጣው የዛሬ ገቢውን ትቶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ነገር ካላገኘ በሁለተኛው አይመጣም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ ዕቅዴ ከጥገና ይጀምራል። ቁልፍ መትከል፣ የሱሪ እግር ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ይህን የቻለች ሴት በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ሥራ መቀበል ትችላለች። ቀጥሎ የትራስ ልብስ ነው፤ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሆነ ለእጅና ለእግር መግባቢያ ይሆናል። ከዚያ ሽርጥ፤ ኪስና ማሰሪያ ይመጣል። ከዚያ የዩኒፎርም ቀሚስ ከነዚፑ። መጨረሻ ላይ ሸሚዝ፤ ምክንያቱም ኮሌታና እጅጌ እጅ ካልፈታ ሰው ያስለቅሳሉ። ከእያንዳንዱ ጋር ሒሳብ አለ። ይህን ሽርጥ ለመሥራት ጨርቁ ስንት፣ ክሩ ስንት፣ ስንት ሰዓት ወሰደብኝ፣ በስንት ልሽጠው? ቲቲኤልኤሙን አልጣልኩትም። በእያንዳንዱ ሥራ የሚሸፈነው ብቃት ከኦኤሱ ቁጥሩ ተጠቅሶ በሰንጠረዥ ተያይዟል። የተዘለለ አሃድ የለም። ሰንጠረዡ የተያያዘው አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ዕቅዱ ሲመለስልኝ ያ ገጽ ከስቴፕለሩ እንኳ አልተገለጠም ነበር።

ሰዓቱንም ለውጬ ነበር። እናንተ ጠዋት 2፡30 አላችሁ። እንጀራ የሚያስረክብ ሰው በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። እኔ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ብዬ ነበር። ይህም «ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ጋር አይጣጣምም» ተብሎ ተሰረዘ። የማን የሥራ ሰዓት እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ይቺ አገር ከዛሬው በጣም ደሀ ነበረች። ያም ሆኖ ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ ገበሬውን በ15 ቋንቋ አስተምሯል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ ለምትናገር ሴት ስለ መርፌና ክር በእንግሊዝኛ ወረቀት እንሰጣታለን። ወረቀቱን ራሴ ተርጉሜ አምጥቼ ነበር። በራሴ ማታ፣ በራሴ ገንዘብ ኮፒ አድርጌ። እሱም «ያልጸደቀ» ተባለ። እንዲጸድቅ ማን ጋ እንደምወስደው ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም።

በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰው እንደሠለጠነ ቁጥር ትጠይቁኛላችሁ። ከእነዚያ ውስጥ ዛሬ መኪና ላይ የተቀመጠው ስንቱ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ስማቸውን ይዣለሁ፤ በፈለጉት ቀን ይዤዎት እየዞርኩ አሳይዎታለሁ። ከፊሎቹ በረንዳቸው ላይ መኪና ዘርግተዋል። ከፊሎቹ ወደ ልብስ እጥበት ተመልሰዋል። የተመለሱትን ጠይቄያለሁ። ጥቂት የማይባሉት ሥልጠናውን የተዉት «ፎልደራችሁን በጽሑፍ ሙሉ» በተባሉበት ሳምንት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እትዬ ወደ ክፍል ይመለሱ። ስማቸው ላይ የተሰመረው መስመር በደብዳቤ ይነሳ። ባለሙያው ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃቸው፤ ቤቱን እኔ አሳየዋለሁ።

ቀጣዩ ዙር የፊታችን ሰኞ ይጀምራል። 26 ሰው ተመዝግቧል። ከእነሱ ዘጠኙ የምዝገባ ፎርሙ ላይ የፈረሙት በጣት አሻራ ነው። የመጀመሪያውን ምዘና ለእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች በቃል ልስጥ ወይስ ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጋር ላስቀምጣቸው? እስከ ዓርብ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። መልስ ካልመጣ በቃል እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሳቸውን እጽፋለሁ፣ እነሱም በጣታቸው ይፈርማሉ። የእትዬም መኪና በቦታው አለ። ግማሽ የቀረው ቀሚስ ላዩ ላይ ነው፤ መርፌውን አላነሳሁትም።

የልብስ ስፌት አሠልጣኝ
አዲስ አበባ